ስም በላው እሪያና የወል ዱር ቀስተኞች

የሰንደራ ዱር እሪያዎች በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው ገበያ የገቡበት ቀን እስከ ዛሬ ይወራል። ከፊት የሚመራቸው ጎንደል ነበር፤ ጀርባው ላይ ቁጥቋጦ የበቀለበት፣ ሲራመድ የሸክላ ገበያውን እንዳለ የሚያንቀጠቅጥ ግዙፍ አውሬ። ሻጭና ገዢ ተገፋፍቶ ሲሸሽ እሱ ዘና ብሎ ወደ አደባባዩ ምሰሶ ተጠጋ፤ እዚያ የተንጠለጠለውን የወል መለከት በግራ ክራንቻው አንሥቶ ወደ ዱሩ ተመለሰ።

ጥንት ንግሥት አምሳለ ያን ዱር ለሕዝቡ ሁሉ ስትሰጥ፣ በየዓመቱ በአደይ በዓል አንድ አዳኝ መለከቱን እንዲነፋ ደንግጋ ነበር። መለከቱ ሳይነፋ ፀሐይ ከጠለቀች ዱሩ የአገረ ገዢው ይሆናል። አገረ ገዢው ራስ ቀጸላ መሰረቁን ሲሰማ እጅግ አዘንኩ አለ፤ በዚያው አፉ የአጥር እንጨት እንዲቆረጥ አዘዘ።

ከልቧ ያዘነችውስ እልልታ ናት። እርሻ የላትም። በዱሩ እሪያ እያደነች፣ ሥጋውን በእህል እየለወጠች እናቷን የምታኖር ወጣት ቀስተኛ ነበረች፤ ዱሩ ከታጠረ የሚቀራት የሰው ደጅ መጥናት ነው። ስለዚህ አደባባይ ወጥታ ቀስቷን ከፍ አድርጋ ማለች። «የንግሥት አምሳለ ቃል ምስክሬ ይሁን፤ መለከቱን ሳልይዝ ብመለስ ይህ ቀስት ዳግመኛ በእጄ አይግባ።»

አብረዋት ለመሄድ የተነሡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እትዬ ደብሪቱ ጭቃ አሽትታ እሪያው ሲያልፍ ምን በልቶ እንደነበር የምትናገር ዱካ ተከታይ ናት። አያ ጉግሳ ደግሞ እልልታን ቀስት መሳብ ያስተማራት ሽማግሌ ነው። እሱ ብድግ ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውም አልተሳሳተም።

በወል ዱር የሚታደነው በእንጨት ቀስት ብቻ ነው፤ አዳኙም ፍላጻውን ከመልቀቁ በፊት ስሙንና ዘሩን ለአውሬው በፉከራ ማሳወቅ አለበት። ፉከራው እስኪያልቅ አውሬው ቢሻው ይሸሻል እንጂ አይወጋም። የአንዱ ፉከራ ለባልንጀሮቹ ሁሉ ይበቃል። ብልጡ አዳኝ የአባቱንና የራሱን ስም ጠርቶ ወዲያው ይለቃል። አያ ጉግሳ ግን ከዘር ማንዘሩ አንድ ሰው መዝለል ነውር ይመስለው ስለነበር፣ እሱ ገና መሐል ሳይደርስ እሪያው ወንዝ ተሻግሮ ተኝቷል። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ሳይገድል ሸመገለ። ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ያው ፉከራ ነበር፤ ሰው ሲመጣ እያየው መንገድ ይቀይር ነበር።

ሦስቱ በሚዘምረው ሸምበቆ መሐል እየሳቁ ተጓዙ። ደብሪቱ ጉግሳን እየተረበች፣ ጉግሳም በቅድመ አያቶቹ ጀግንነት እየመለሰላት ቀይ ጭቃ ከሚባለው ሸለቆ አፋፍ ደረሱ። እዚያም የራስ ቀጸላን ፈረሰኞች አገኟቸው። መለከቱን ወስደው ሊደብቁ የተላኩት እነዚያ ኩሩ ሰዎች፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ማን እንደሆኑ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር።

ደብሪቱ ነገሩ ገባት፤ ከቀድሞ ዱካ ተከታዮች የሰማችውንም ነገረቻቸው። ጎንደል ስም በላ ነው፤ በፊቱ የተጠራ ስም ከተናጋሪው ልብ ተፍቆ ይቀራል። ቆዳው ፍላጻ አይበሳውም፤ ስስ ቦታው ከጆሮው ሥር ነው፤ ያም የሚገለጠው ስም ለመስማት ጆሮውን ሲያቆም ብቻ ነው። ፈረሰኞቹ ቀስታቸውን ሳያነጣጥሩ ስማቸው አልቆባቸው ነበር።

እልልታ አንገቷን ደፋች። አባቷን አታውቅም፤ ያላት የእናቷና የራሷ ስም ነው፤ እሱም ለአንድ ጉርሻ አይሆንም። አያ ጉግሳ ቀስቱን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ የአባቶቼን ስም ተሸክሜ የዞርኩት ለዛሬ ኖሯል። እነሱም ያደኑት በዚህ ዱር ነው፤ ስማቸው ዱሩን ካስመለሰ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። አንቺ ብቻ እጅሽ አይንቀጥቀጥ።»

እልልታ አይሆንም ብላ ለመነችው፤ አለቀሰችም። እሱ ግን ቆርጦ ነበር። ስትተርበው የኖረችው ደብሪቱም የጋቢውን ጫፍ አስተካከለችለት።

ጎንደል ጭቃው ውስጥ ተንጋሎ፣ መለከቱ ክራንቻው ላይ እየተወዛወዘ አገኙት። ጉግሳ ፊት ለፊቱ ሄዶ ቆመ፤ እልልታ ነፋሱን ተጋፍታ በጭቃው በደረቷ እየተሳበች በጎን ዞረች።

«ስማ ጎንደል። በአንድ ፍላጻ ሁለት እሪያ ከጣለው ከአርዳሚ የተወለደው ሸንቆሬ፣ ከጥርስ ሕመም በቀር ማንም ያላሸነፈው፤ ከሸንቆሬ የተወለደው ባልጊ...»

እያንዳንዱ ስም ከአፉ ሲወጣ ሽማግሌው ትንሽ ይንገዳገድና የቀጣዩን ይጠራል። ጎንደል ተነሣ፤ ጣፈጠው፤ ጆሮው ቀስ በቀስ ቆመ። ስሞቹ ወረዱ፤ ወረዱና አለቁ። «ከውብነህ የተወለደው...» ብሎ ጉግሳ ቆም አለ። የቀረው የራሱ ስም ነበር። እልልታ የቀስቷን ጅማት ገና እስከ ጉንጯ አልሳበችም። ጠበቃት፤ ስትስብ አየና ፈገግ አለ። «ጉግሳ» አለ።

ጆሮው ቀጥ አለ። ፍላጻው ሥሩ ገባ። ጎንደል አንዴ አጓርቶ ወደቀ፤ በጀርባው የበቀለውም ቁጥቋጦ በአበባ ተሸፈነ። ሁለቱ ሴቶች ስሞቹ ይመለሱ ይሆናል ብለው ጠበቁ፤ አልተመለሱም። እልልታ «አያ ጉግሳ» ብላ ስትጣራ ሽማግሌው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

በአደይ በዓል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እልልታ በአደባባዩ መለከቱን ነፋች። የሕዝቡ እልልታ አገሩን አደባለቀው፤ እናቷ ከመጨፈሯ ብዛት ነጠላዋ የት እንደወደቀ አላወቀችም። ለአጥር የተቆረጠው እንጨት ለበዓሉ ጥብስ ማገዶ ሆነ። ራስ ቀጸላ አኩርፎ መጣ፤ ጥብሱን ሲቀምስ ግን ይጨመርልኝ አለ።

ከጠገቡ በኋላ አንዱ ነገሩን ሳያስብ ሽማግሌው እንዲፎክር ጠየቀ። እሱም ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤ የሚለው አጥቶ ቆመ። እልልታ አልቻለችም፤ ፊቷን ሸፈነች።

ያኔ ሽማግሌውን ባየ ቁጥር መንገድ የሚቀይረው ቀጥቃጭ ከወዲያ ጥግ ጀመረ። «በአንድ ፍላጻ ሁለት እሪያ ከጣለው ከአርዳሚ የተወለደው ሸንቆሬ...» ሸክላ ሠሪዎቹ ተቀበሉት፤ ወፍጮ ቤት የዋሉት፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ተቀበሉት። ስንት ዘመን ሰለቸን ሲሉ የኖሩትን አንድ ስም እንኳ ሳይዘሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ሽማግሌው ዓይኑ እያበራ አዳመጠ፤ «ከውብነህ የተወለደው ጉግሳ» ብለው ሲጨርሱም ወደ እልልታ ጎንበስ አለ።

«እንዴት ያለ ዘር ነው ልጄ» አላት። «ይህ ጉግሳ የሚሉት ሰው እዚህ አለ?»

«አለ አያ» አለችው፤ እጁንም ይዛ ወደ ሕዝቡ መሐል ወሰደችው።