ለትንሽ እጅ የተጻፉ ቁጥሮች

«ይሄን ቁጥር የሚያውቅ አለ?»

ኧረ ማን ይተንፍስ! የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጥሩሰው ሁለት የኖታ መጻሕፍት ፒያኖው ላይ ጎን ለጎን ገልጠው፣ የኪነት ቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ እያዩ ነው። ሃያ ልጅ ባንድ አዳራሽ ተደርድሮ ቆሟል! የፈዲላ ልብማ ተዉት! ድው ድው፣ ድው ድው፤ አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ስህን ሳትሰማው አትቀርም።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ምርጫ ነው። ወላሂ፣ በመጽሐፍ ምርጫ! ከባላባት ቤት ተወርሶ የመጣ፣ ከከተማው ግርጌ ያለው ሐይቅ እርጥበት ሦስት ቁልፉን ያፈነው ፒያኖ ቡድኑ አለው። ሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ ያለው ያው የፒያኖ ሶናታ ነው። አንዱ ከሞስኮ በስጦታ የመጣ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ አዲስ። ሌላው የሙዚቃ አስተማሪያቸው የቲቸር ባዬ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ አሮጌ። «ለቡድኑ የቱ ይሁን?» ሲባሉ ቲቸር ባዬ «አሮጌው ይሻላል» አሉ። አለቀ! የሶሻሊስት አገር ስጦታ የናቀ ምን ቢደብቅ ነው ተብሎ አሮጌው ሲገለጥ፣ በየኖታው አናት ላይ የታተመው ቁጥር ተሰርዞ በእርሳስ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። «የሚስጥር መልእክት ነው» ተባለ። ቲቸር ባዬ ከትናንት ጀምሮ ታስረዋል፤ ዛሬ ከሰዓት መኪና መጥቶ ወደ ደሴ ይወስዳቸዋል። እንደዚያ የተወሰደ ሰው ደግሞ... በቃ፣ አይወራም።

«የጣት ቁጥር ነው፤ ቁልፉ በየትኛው ጣት እንደሚመታ ያሳያል ይላል ባዬ» አሉ ጓድ ጥሩሰው። «እሺ፣ የጣት ከሆነ የታተመውን ለምን ሰረዘው? የማን ጣት ነው ስንለው ድርቅ ብሎ ዝም!»

ውይ! የፈዲላ ጣት ነዋ! እጇ ትንሽ ናት፤ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ብትለጥጠው ስምንተኛው ቁልፍ ጋ አትደርስም። ቲቸር ባዬ ቁጭ ብለው፣ መስመር በመስመር፣ ለእሷ እጅ እንዲመች ቁጥሩን ለወጡላት። ቤተሰቦቿ የሚያውቁት መዝሙር ልትለማመድ እንደምትሄድ ነው። የፒያኖውን ነገር የሚያውቁት ቲቸር ባዬና ስህን ብቻ ናቸው። እና ያን ሁሉ ሲጠየቁ ስሟን አልጠሩም!

«ስህንዬ፣ ልናገር?» አለች በሹክሹክታ።

«አብደሻል? በእስጢፋኖስ ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ! አንቺንም ጠቅልለው ነው የሚወስዱሽ።»

«እሳቸውስ?»

ስህን እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ቁጥሩ እውነት የሚያጫውት ከሆነ እንየው» አሉ ጓድ ጥሩሰው። «ኖታ የሚያነብ ካለ ይውጣ!»

«ጓድ፣ እኔ ከበሮ መቺ ነኝ፤ ከበሮ ቁጥር የለውም» አለ ኑርዬ ከኋላ። ሌላ ቀን ቢሆን አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ ጥርሱን ያሳየ የለም።

ፈዲላ እግሯ መቼ እንደተነሳ አታውቀውም። ስህን ቀሚሷን ስትጎትታት ተሰማት፤ ከዚያ ለቀቀቻት። ያ አዳራሽ እንዲያ ረዝሞ አያውቅም!

«አንቺ?» ጓድ ጥሩሰው አዲሱን መጽሐፍ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «በይ መጀመሪያ በዚህ ሞክሪ፤ ንጹሑ ይሄ ነው።»

በአዲሱ ትንሽ ተደነቃቅፋ «አልችልም» ብትል ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ማንም ምንም አይላትም። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቤት፣ እናቷ፣ ሁሉም እንደነበረው። እጇን ቁልፎቹ ላይ ለጠጥ አድርጋ አየችው።

«በእሱ እጄ አይደርስልኝም» አለች። አሮጌውን ሳብ አድርጋ መሃል ላይ አስቀመጠችው። «የሚሆነኝ ይሄ ነው። ቁጥሩን የጻፉት ለእኔ ነው።»

ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን አነሳ። «ስም?»

«ፈዲላ ሙዘይን።»

ብዕሩ ሲቆም «ሀምዱ» ብላ የአያቷን ስም ጨመረችለትና ወንበሩን ወደ ፒያኖው አስጠጋች።