የገደሉ ሞክሼ

ውሸት ነው የሚለኝን ሰው አልቀየመውም። ሌላ ሰው ጽፎት ባነብ እኔም "ሥራ ፈት" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔ ቤት፣ በእኔው ልጅ ላይ ሆኗል።

ጨለማ አትጠብቁ። ሁሉም ነገር የሆነው በቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባና ጥላው ግቢያችንን ሲሸፍነው።

እኔ መካኒክ ነኝ። የሚፈታና የሚታሰር ነገር ካልሆነ አላምንም ነበር። ለዚህም ነው የሥራ ጓደኞቼ "ብሎን" የሚሉኝ።

ያኔ ልጃችን አራት ዓመቷ ነበር። የመዝገብ ስም አላት፤ ግን ከተወለደች ጀምሮ ማሚቶ ነው የምንላት።

አስም አለባት። ከተማ ስንኖር ቤታችን ከአውራ ጎዳናው ጥግ ስለነበር ጭሱ ሲያፍናት ያድር ነበር። ሁለት አጭር ሳል፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት... ሺህ ልጆች መሀል ብታስል ለይቼ አውቃታለሁ። ሲብስባት አፏ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት አላት። ስሙ ስለከበዳት እሷ "ፉፉ" ትለዋለች፤ እኛም ፉፉ ማለት ለመድን።

ሐኪሙ "አየር ለውጡላት" አለን።

በዚያው ሰሞን ተራራ ሥር ያለ፣ ድንጋይ ተፈልጦ የሚወጣበት ካባ መካኒክ ፈለገ። ቤትም ይሰጣል። ካባው ከተራራው ማዶ ስለሆነ አቧራው ቤቱ ድረስ አይመጣም።

"እሱ ሳይደግስ አይጣላም!" አለች ባለቤቴ። ያን ቀን እንደሳቀች ስቃ አታውቅም።

እቃችንን ጭነን ሄድን።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ በሩ ላይ ሁለት ደረጃ። ከአጥሩ አልፎ ትንሽ ዳገት፣ ከዳገቱ በላይ ገደሉ... ቀጥ ያለ፣ ግራጫ፣ አንዲት ሣር እንኳ ያልበቀለችበት።

እቃ እያወረድኩ ልጄን ጠራኋት።

"ማሚቶ!"

"ማሚቶ... ሚቶ... ቶ..." አለ ገደሉ።

ልጄ ዓይኗ ፈጠጠ።

"አባዬ፣ ማናት?"

"የገደል ማሚቶ ናት።"

"እሷም ማሚቶ ናት ስሟ?"

ሳቄ መጣ። "አዎ፣ ሞክሼሽ ናት" አልኳት።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ማሚቶ እየሮጠች አጥሩ ጋ ደረሰች። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ሞክሼዬ! ነይ!"

ገደሉም መለሰላት።

"ነይ!"

ሦስታችንም ሳቅን።

ሥራ በጀመርኩ ማግስት አንድ ነገር ገረመኝ። ካባው ውስጥ ማንም ማንንም አይጠራም። ሻይ ሲደርስ የተንጠለጠለ ብረት ይመታል። ሾፌሮቹ በፊሽካ ይግባባሉ። ሰው የፈለገህ እንደሆነ አጠገብህ ድረስ መጥቶ ትከሻህን ይነካሃል።

እኔ አላወቅኩም። ድንጋይ የሚጭነውን የሎደር ሾፌር በስሙ ጮኼ ጠራሁት።

ሁሉም ቆመ።

አለቃችን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው መጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ብሎን፣ እዚህ እግርህን ተጠቀም።"

ድንጋይ እንዳይናድ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ በሚያገሳ የድንጋይ መፍጫ ክሬሸር ያልተናደ ድንጋይ በሰው ድምፅ ይናዳል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤታችን መጡ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጄ፣ ሕፃኗን ከውጭ ሆነህ ጮኸህ አትጥራት" አሉኝ።

"ለምን እማማ?"

"የምትመጣልህ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም።"

ወደ ልጃቸው ዞርኩ።

"ደህና ነህ ወንድሜ?"

"ወንድሜ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ከተሜ ናቸው ብለው ሊያስፈራሩን ነው እንጂ!" ብላ ሳቀችባቸው።

ማሚቶ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጥሩ ጋ መቆም ሥራዋ ሆነ። "ነይ!" ትላለች። "ነይ!" ትባላለች። እኛም ጓደኛ አገኘች ብለን ደስ አለን። ሞኞች!

በሦስተኛው ሳምንት ሳሏ ቆመ።

"ስድስት ቀን!" አለች ባለቤቴ እያለቀሰች። "ስድስት ቀን ሙሉ አላሳለችም!" ፉፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የማሚቶን ጫማ እሰፋለሁ። እሷ አጠገቤ ዳቦ ትበላለች።

ሳል ሰማሁ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም... ከዚያ ያ ቀጭን ፉጨት።

"ቀስ ብለሽ ብዪ" አልኳት ቀና ሳልል።

"ብዪ" አለች።

ቀና አልኩ። ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። አልቀላችም፣ አላላባትም። እያየኋት ያ ሳል እንደገና መጣ።

ከገደሉ ነው።

ባለቤቴ እጇ በሳሙና እንደራሰ ወጣች።

"ሰማህ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

"ልጄ እኮ... እዚህ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያቺ ማናት?"

"ማናት?" አለች ማሚቶ።

አነሳኋትና ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። አራት ዓመት ሙሉ ተለይቷት የማያውቀው ፉጨት የለም። አዲስ ሞተር እንኳ ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል። የእሷ ደረት ግን ጸጥ ብሏል። ፈራኋት። የገዛ ልጄን ፈራኋት።

ሰኞ ሥራ አልገባሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደሉ ጠራኝ።

"አባዬ..."

ማንም ቀድሞ አልጮኸም። ማሚቶ እናቷ እቅፍ ውስጥ ናት፤ ከንፈሯ ገጥሟል።

"አባዬ... ፉፉ..."

መሳቢያውን ነቅዬ ፉፉን ይዤ ሮጥኩ።

"ወዴት ነው? ልጅህ እዚህ ናት! እዚህ ናት እኮ!" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። እሷም ግን ታለቅስ ነበር።

ገደሉ ሥር ደረስኩ። በእጄ ዳሰስኩት። ዋሻ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ድምፁ ግን ከዚያው ከውስጥ፣ ከአንድ በር ጀርባ የመጣ ያህል ቅርብ ነው።

"አባዬ... አፈነኝ..."

"ማሚቶዬ፣ አለሁ! አይዞሽ! ቀስ ብለሽ ሳቢ... አሁን ልቀቂ... ሳቢ... ልቀቂ..."

ፉፉን ድንጋዩ ላይ ነፋሁት። እብደት መሆኑን አውቃለሁ። መድኃኒቱ ድንጋዩ ላይ ጭጋግ ሆኖ ተበተነ። እስኪያልቅ ድረስ ነፋሁት።

"ሳቢ... ልቀቂ..."

"ልቀቂ" አለች ልጄ ከታች፣ ከግቢ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነው።

በማግስቱ መዶሻና መሮ ይዤ ወጣሁ። እጄ እስኪደማ ፈለፈልኩ። አለቃ መጡና አጠገቤ ቆሙ። የሚከለክሉኝ መስሎኝ ነበር።

"ሁላችንም ቆፍረናል፣ ብሎን" አሉኝ በሹክሹክታ። "ካባው እንዴት የተጀመረ መሰለህ? ከማዶ ገብተን ልንደርስባቸው ነበር።"

መዶሻው ከእጄ ወደቀ።

"የወጣ አለ?" አልኳቸው።

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

"ድምጿ እየደከመ ይሄዳል። ያኔ ይቀልልሃል።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደሉ ሥር ተቀመጥኩ። ሳቢ... ልቀቂ... ሳቢ... ልቀቂ... አንዳንድ ቀን ሳሏ ጋብ ይልላታል። አንዳንድ ቀን ማልቀስ እንኳ ያቅታታል።

ባለቤቴ በመጨረሻ ልብሳችንን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

"እንሂድ" አለችኝ።

"ያቺስ?"

"ይቺስ? ይቺ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እጄን ትይዛለች። ያቺን በምን እጄ ላንሳት? ንገረኝ እስቲ፣ በምን እጄ?"

ሻንጣውን ተሸክሜ ወጣሁ።

መኪናው ሲነሳ "አባዬ... ና..." ሲል ገደሉን ሰማሁት። ጆሮዬን ደፈንኩ። ልጄን ትቼ ሄድኩ። ይህን ቃል ጽፎ ማየት ከመሞት ይከብዳል።

ከተማ ተመለስን። ማሚቶ አድጋለች፣ ወፍራለች። ጭሱ መሀል ሆና እንኳ አታስልም። ስትናገር የሌላ ሰው ቃል ጫፍ ነው የምትናገረው። ስቃ አታውቅም።

አለቃ ደግ ሰው ናቸው። ሰኞ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውለው ስልካቸውን ወደ ገደሉ ያዞሩልኛል። ሳሏን እሰማለሁ። በየሳምንቱ ይቀጥናል... ይቀጥናል...

ባለፈው ሰኞ ደወሉ። ምሳ ዘግይቶብን ገበታ ላይ ነበርን።

ሳል የለም።

አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። ሁለት ደቂቃ። ልጄ አለቀች አልኩ።

ከዚያ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ሩቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል።

"ሳቢ... ልቀቂ... ሳቢ... ልቀቂ..."

"አለቃ? እርስዎ ነዎት?"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"እኔ አይደለሁም" አሉኝ በመጨረሻ። "ከውስጥ ነው። ብሎን... ያንተ ድምፅ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ባለቤቴ ከገበታው ማዶ ሆና ፊቴን ታያለች።

"ምን አሉህ?"

ብቻዋን አይደለችም ልላት ፈለግኩ። የሚያስተነፍሳት አገኘች ልላት ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"አሉህ" አልኳት።

"ምን ሆንክ?"

"ሆንክ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴ የሆነ ቃል ከአፌ አልወጣም። ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው፤ እጄ ገና የእኔ ነው።

ያን ቀን፣ ገበታው ላይ፣ ባለቤቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማሚቶ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወንበሯን እየጎተተች ዞራ መጣችና ከእኔ ወንበር ጋር አስጠግታ ተቀመጠች። ወደ ላይ አየችኝ። ከተመለስን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ።