የአቡ ዩኑስ ሲኒ

ማህደር ለናኦድ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ዐረብኛ ነበር። ሰውየው ሀበሻ መሆኑ ከሩቅ እያስታወቀ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማህደር የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ዳርቻ ባለ ካምፕ በሚኖሩ የፍልስጤም ስደተኛ ሴቶች ላይ ነው። ራሳቸው አይተውት የማያውቁትን የአያቶቻቸውን መንደር ለሴት ልጆቻቸው እንዴት እንደሚያወርሱ ለማጥናት፣ ዓመት ከመንፈቅ አብራቸው ልትኖር ተዘጋጅታለች። ስለዚህ በየቅዳሜው በዳላስ ዳርቻ ወዳለችው ሪቻርድሰን ከተማ እየሄደች፣ በዚያው ካምፕ ካደጉት አሮጊት፣ ከኡም ዩኑስ (የዩኑስ እናት ማለት ነው) ቋንቋና ወግ ትማር ነበር። አንድ ቅዳሜ በሩን የከፈተላት ረጅም ወጣት ነው። የቤቱ ልጅ መሰላት። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችውን ሰላምታ፣ ከእናቱ ጤና እስከ ቤቱ በረከት፣ ሳትተነፍስ አወረደችበት።

ወጣቱ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?» አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

ናኦድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የኡም ዩኑስን ባል፣ የአቡ ዩኑስን ጉልበት ሊያሠራ ቤት ድረስ ይመጣል። እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ ግስ ስታረባ፣ እሱ ከወዲያ ክፍል የሽማግሌውን እግር እያጠፈና እየዘረጋ በስህተቷ ይስቃል። ከዚያ ምሳ መጣ። ከምሳ በኋላ የሐይቅ ዳር ሽርሽር... ፍቅርና ሳል አይደበቅም እንዲሉ፣ መጀመሪያ ያወቁባቸው ኡም ዩኑስ ናቸው።

የጉዞው ቀን ቀረበ። ማህደር ክትባቷን ጨርሳ፣ እዚያው ዳላስ አጠገብ አዲሰን የነበራትን አፓርትመንት ለቅቃ፣ ሳክሲ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ገባች። አባቷ አቶ ወልዴ አጉረመረሙ።

«እኔ ከሱዳን ካምፕ ለመውጣት ወጣትነቴን ጨረስኩ። አንቺ ፈልገሽ ልትገቢ!»

ይህን እያሉም የተሰበረውን የሻንጣዋን ጎማ የጠገኑላት እሳቸው ናቸው።

ለናኦድ የነገረችው መኪናው ውስጥ ነው።

«ትኬቴን ቆረጥኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ።»

«ኦኬ።»

«ኦኬ ብቻ?»

«ማለቴ... ህልምሽ ነው። ሂጂ። ምን እንድል ፈልገሽ ነው?»

«አትሂጂ» እንዲላት አልፈለገችም። ቢላት ትጣላው ነበር። ግን ሳያቅማማ «ሂጂ» ማለቱ አንጀቷን ቆረጠው። ደግሞስ በገዛ አፏ «ትጠብቀኛለህ?» ብላ እንዴት ትለምን? በሩን ዘግታ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ሲደውል አላነሳችም፤ ትምህርቷንም ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ አዛወረችው። ቀን ቀን ኮራች፤ ማታ ማታ አለቀሰች።

ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሻንጣዋን እየሞላች ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። እናቷ ወይዘሮ የሺሃረግ ሮጠው መኝታ ቤቷ ገቡ።

«ሽማግሌ ተልኮብሻል! ድምፅሽን አጥፊ!»

«ከማን?»

«ከናኦድ ነዋ! ጋሽ እንድሪያስና አንድ የማላውቃቸው ዐረብ... በምርኩዝ የሚሄዱ።»

ደሟ ፈላ። በአፉ «ሂጂ» ብሎ በሽማግሌ ሊያስቀራት! በሩን ገርበብ አድርጋ ማድመጥ ጀመረች።

ናኦድ እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ስለዚህ ከቤተክርስቲያን ጋሽ እንድሪያስን፣ ከሚያክማቸው ሰዎች አቡ ዩኑስን ለምኖ ላከ። አንዱ የሌላውን ወግ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ግን አልታየውም።

ጋሽ እንድሪያስ ቆመው ለመኑ። አቶ ወልዴም እንደ ደንቡ፣ «ልጃችን መንገደኛ ናት። እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌ እስከ ሦስት ቀን ይመላለሳል፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አቀለለ ይባላልና፣ ጋሽ እንድሪያስ ምንም ሳይከፋቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከማሽኑ ቡና ቀድተው አቀረቡ። ጋሽ እንድሪያስ ፉት አሉ። አቡ ዩኑስ ግን ሲኒውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይጠጡ እንጂ» አሉ አቶ ወልዴ በእንግሊዝኛ።

«አልጠጣም።»

«ስኳር ይጨመር?»

«አልጠጣም።»

የአቶ ወልዴ ፊት ጠቆረ። ወደ ጋሽ እንድሪያስ ዞረው በአማርኛ፣ «ቤቴን ተጸይፎ ነው? እንዲህ ያለ ሰው ይዛችሁ ነው ልጄን የምትጠይቁኝ? ሁለተኛ እንዳትመለሱ!» አሉ።

ማህደር ከበሩ ጀርባ ክው አለች። ያንን ሲኒ ታውቀዋለች። ኡም ዩኑስ አስተምረዋታል፤ በእነሱ ዘንድ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ «እሺ» እስኪባል ድረስ የቀረበለትን ቡና አይነካም። ሳይጠጣ ከወጣ ቤተሰቡ ልጅቷን ከልክሏል ማለት ነው። ለአማን ሴቶች ብላ ያጠናችው ወግ ይኸው አባቷ ሳሎን መጣ።

በእኛ ወግ ደግሞ ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ማህደር ቀረበች።

«አባዬ፣ አልናቁህም። እሺ እስክትላቸው ነው የማይጠጡት። የአገራቸው ደንብ ነው።»

ከዚያ ወደ አቡ ዩኑስ ዞረች። በዐረብኛ ጠየቀቻቸው።

«ልታስቀሩኝ ነው የመጣችሁት?»

«ማን ያስቀርሻል?» ብለው ሳቁ ሽማግሌው። «ልጁ ያለን ሌላ ነው። ትሂድ፣ እጠብቃታለሁ፤ ብቻ እንደምጠብቃት እሷም አባቷም ይወቁልኝ ነው ያለው። ስልክ አላነሳሽለትም። ጉልበቴን እያሸ ስላንቺ ሲያወራ ይኸው የኔ ጉልበት ዳነ፣ እሱ ታመመ!»

ለአባቷ ልትተረጉም ጀመረችና እንባዋ ቀደማት። እንደ ምንም ጨረሰችው።

«አንቺስ?» አሉ አቶ ወልዴ።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

አቶ ወልዴ አገጫቸውን አሹ።

«ዛሬ እሺ ብል ልጁን በአንድ ቀን ሰጠ ልባል ነው። እምቢ ብል እኚህ ሰው ቡናዬን ሳይጠጡ ሊሄዱ ነው። አንቺ ደግሞ ሐሙስ የለሽም...» ወደ በሩ ጠቆሙ። «በሉ ውጡ!»

«አባዬ!»

«ውጡና እንደገና ደውሉ። ሁለተኛ ቀን ይሁንልን። ሦስተኛውን በጋራዡ በኩል!»

ሽማግሌዎቹ ተደጋግፈው ወጡ። ማህደር በመስኮት ስታይ የናኦድ መኪና ከማዶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አይቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። በነጠላ ጫማ ሮጣ መስታወቱን አንኳኳች።

«እምቢ አሉ፣ አይደል?» አላት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አንዴ።»

«ሶ... ምን ማለት ነው?»

«ገና ሁለቴ ይለምናሉ ማለት ነው። ለምን አልነገርከኝም?»

«እንድትቀሪ የምጫንሽ እንዳይመስልሽ። ማለቴ... እንድትቀሪማ እፈልጋለሁ! ግን በኔ ምክንያት ከምትቀሪ ብትናፍቂኝ ይሻለኛል።»

«ጅል!» አለችው እያለቀሰች። «ትጠብቀኛለህ?»

«ጉልበት እያሸሁ እጠብቅሻለሁ።»

ደወሉ ዳግመኛ ጮኸ። ቀጥሎ የጋራዡ በር ተከፈተና ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ማህደርና ናኦድ ተያይዘው ሲደርሱ አቶ ወልዴ ሳሎኑ መሀል ቆመው ነበር።

«እሺ!» አሉ ጮክ ብለው። «ሰጥቻለሁ!»

አቡ ዩኑስ ሲኒውን አነሱ። ወይዘሮ የሺሃረግ «ኧረ ቀዝቅዟል፣ ልለውጥልዎት!» ቢሉ አልሰሟቸውም። በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

ሐሙስ ኤርፖርት ያደረሳት ናኦድ ነው፤ ያሰረላት ቀለበትም ጣቷ ላይ ነበር። ሰው ፊት ተላቀሱ፣ አላፈሩም። ቃሉንም ጠበቀ፤ ስትመለስ በተደገሰው ሠርግ አቡ ዩኑስ ምርኩዛቸውን ጥለው ጨፈሩ።

ካምፑ በገባችበት የመጀመሪያ ቀን ግን ሠርጉ ገና ሩቅ ነበር። ሴቶቹ ከበቧት። ስለ ጥናቷ ምንም ሳይጠይቁ፣ «የማን ነሽ? ማን ይጠብቅሻል?» አሏት።

ይህን መልስ ኡም ዩኑስ ቤት አላጠናችውም። ቃል ግን አላጠራትም።

«ዳላስ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለቻቸው። «የላከብኝ ሽማግሌ ከእናንተው ነው። ቡናውን የጠጣው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩና እልልታቸውን አቀለጡት።