የፍየሏ ጋቢ

ሐዳሳ ቅዳሜ ጠዋት ስትነቃ ግማሽ አካሏ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሏል። ብርድ ልብሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ሰብሌ ላይ ተጠቅልሏል።

«ኧረ በፈጠረሽ!» ብላ ጎተተችው።

ሰብሌ ደንግጣ ተነሳች። «ውይ፣ ይቅርታ ሐዳስዬ» አለችና ጄሪካኑን አንጠልጥላ ወደ ቦኖ ወጣች።

ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጀመረ ወዲህ ሌሊቱ ሁሉ እንዲህ ነው። ሰብሌ የሐዳሳ አጎት የዳኘ ልጅ ናት። ከዶዮገና ገጠር የመጣችው ዘጠነኛ ክፍልን ሆሳዕና እንድትጨርስ ነው። እነሐዳሳ ቤት ደግሞ የልጆች አልጋ አንድ ብቻ ነው። ሐዳሳ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ክፍል ውስጥ ከማንቀላፋት በቀር የያዘችው ነገር የለም። ትናንት የሳይንስ መምህሩ በሁሉም ፊት ቀስቅሰዋታል።

እናቷ ገነቴ ጎመን እየከተፈች ጠራቻት።

«እንግዲህ ቁርጡን ንገሪኝ። አጎትሽ ዛሬ ለገበያ ይመጣል። ካልቻልሽ ይዟት ይመለስ። እኔ አልቆጣሽም።»

«ትምህርቷስ?»

«እዚያ ያለው ትምህርት ቤት በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ትተወዋለች መሰለኝ።»

ሐዳሳ ወደ መኝታዋ ተመለሰች። ሰብሌ ታሳዝናታለች፤ ግን ደክሟታል። ስንት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግነት ከየት ያምጣ?

አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች የአራት ዓመቱ ወንድሟ ምስክር መጽሐፍ ይዞ መጣ። የእሷ የልጅነት የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል።

«አንብቢልኝ!»

«ሂድ ወደዚያ፣ ደክሞኛል።»

«አንዴ ብቻ፣ በጌታ!»

እያዛጋች ማንበብ ጀመረች። ፍየሏ ትልቅ ጋቢ አላት። ዝናብ ሲመጣ ጥንቸል አስጠጊኝ አለቻት፤ አስጠጋቻት። ዝንጀሮ መጣ፤ ገባ። አህያም ገባ። በመጨረሻ ጃርት መጣች፤ ጋቢው ግን አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅጠል ድሮ ተገንጥሏል፤ ጃርቷ ዝናብ ላይ እንደቆመች ታሪኩ ያበቃል።

ያም ሆኖ ጃርቷ አልረጠበችም። አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንቀጠቀጠ መስመር፣ ጋቢውን ጎትቶ አልብሷታል። ጨርቁ ከሥዕሉ አልፎ እስከ ገጹ ጫፍ ሄዷል።

«ማን ነው የሳለው?»

«እኔ። ያንተን ያህል ሳለሁ።»

«በረዳት ብላ ስታለቅስ ቤቱን አናወጠችው» አለች ገነቴ ከጓዳ።

ምስክር ሥዕሉን አተኩሮ አየ። «ጃርቷ አትወጋቸውም?»

«ትወጋቸዋለች እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አስገባሻት?»

ሐዳሳ ገጹ ላይ ፈዝዛ ቀረች። «በርዷት ነዋ» አለች ቀስ ብላ።

ሰብሌ ጄሪካኑን በር ላይ አስቀምጣ ገባች። ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አባዬ ሲመጣ አብሬው ልሂድ። አንቺ ፈተና አለብሽ፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ከወሰደኝ ራሴን አላውቅም» አለች ሰብሌ። ቂም አልያዘችም፤ ሐዳሳን ያናደዳትም ይኸው ነው። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

አጎቷ ዳኘ ከመናኸሪያ በባጃጅ ደረሱ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ፣ የሰብሌን የሳምንት ድርሻ፣ መሬት ላይ አሳርፈው ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፌስታሉን አዩ።

«ምን ሆናችሁ?»

ገነቴ ልጇን ተመለከተች። ሰብሌ አንገቷን ደፋች።

«አጎቴ» አለች ሐዳሳ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጡ ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ። ይሄኛው ለሁለታችን አጠረን።»

አጎቷ ግራ ገብቷቸው እህታቸውን ገነቴን አዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይመጣል፣ ልጄ። ይመጣል።»

ሐዳሳ ወደ ሰብሌ ዞረች። «እስከዚያ ግን በግድግዳው በኩል የምተኛው እኔ ነኝ። ተስማማን?»

ሰብሌ ዓይኗን ጠራርጋ ሳቀች። ዩኒፎርሟን ከፌስታሉ አውጥታ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።