ትንፋሽ ያጠረው መኪና

መኪናው የአባቷ ነበር። ዕድሜው ከእሷ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። እናቷ ከሞተችና የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መሪውን የምትይዘው እሷ ናት። ነርስ ናት፤ ሆስፒታልም ሰፈርም ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት።

አንድ ሰሞን መኪናው ዳገት ላይ እምቢ አላት። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ድረስ ትረግጠዋለች፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መኪናው ግን ጉልበት እንደከዳው ሽማግሌ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁባታል። አንድ ባለ ታክሲ በመስኮት ብቅ ብሎ «እህት፣ ወርደሽ ብትገፊው ይፈጥናል» ሲላት በሀፍረት ላብ አጠመቃት። በዚያው መጀመሪያ ያገኘችው ጋራዥ ገባች።

የተቀበላት ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት ቀጠን ያለ ወጣት መካኒክ ነበር። ኮፈኑን ሳይከፍት ከጎኗ ተቀመጠና «እስቲ ዳገቱን ይንዱልኝ» አላት። እየነዳች ሳለ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተኙ እንዴ?» አለችው።

«እያዳመጥኩ ነው። ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በባዶው ይጮህ ነበር። ይሄ ግን የራበው ነው። ወይ ቤንዚን በደንብ አይደርሰውም፣ ወይ እሳቱ ደክሟል።»

«እኔም በሽተኛ የማየው እንዲሁ ነው፤ በማዳመጫ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም የምንተዳደረው በጆሯችን ነው፣ ሲስተር።»

እውነቱን ነበር። እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች አፋቸው ተበልቷል፤ የነዳጅ ማጣሪያውም በቆሻሻ ተደፍኗል። ለውጦላት ዳገቱን ደግመው ሲወጡ መኪናው እንደ ወፍ በረረ። እሷም እንደ ልጅ ሳቀች። ዞር ስትል ሲያያት አገኘችው። ሁለቱም ቶሎ ብለው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

«እርስዎ» መባባሉ መቼ «አንቺ» እና «አንተ» እንደሆነ አንዳቸውም አያስታውሱም። ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቷ ይመጣል፤ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍተው ያስተምራታል። የካንዴላውን ቀለም አይታ የሞተሩን ሕመም መለየት፣ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ፈትታ መግጠም ከእሱ ተማረች። ከአባቷም ጋር ተላመደ። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ ያሳለፈ ሰው ስለነበር የመንገድ ወሬው አያልቅም፤ ጆሮ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። አንድ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ ምክንያቱን ነገራት።

«አባቴን አላውቀውም። አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። አባባ ሲያወራ ስሰማ የእኔም አባት እንዲህ ያወራ ይሆን እያልኩ ነው። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

እጁን ያዘችው።

ከዚያ ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ለተሻለ ሥራ ጠራት። ጆሮም እዚያ ጋራዥ ሊከፍት ተስማሙ፤ ሊጋቡ፣ አባቷንም ይዘው ሊሄዱ። ሽማግሌው ግን «እናትሽ ካረፈችበት ቤት እኔን የሚያስወጣኝ የለም» አለ። ይለምደዋል ብለው ተውት።

ብዙም ሳይቆይ መኪናው እንደገና ደከመ። ከአባቷ ጋር ወደ ጋራዡ ወሰደችውና እነሱን ትታ ሱቅ ደርሳ ልትመለስ ሄደች። ጆሮ ካንዴላዎቹን ፈታ፤ ጥላሸት መስለዋል። አሁን የራበው ሳይሆን የታፈነ ነው አለ ለራሱ። የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ሲነቅል የተጠቀለለ የፒጃማ ቁራጭ ጎትቶ አወጣ። ሽማግሌው ማታ ማታ ለብሶት ስላየው የማን ፒጃማ እንደሆነ ያውቃል። ጨርቁን በመዳፉ ደብቆ ሽማግሌው ወደተቀመጠበት የመኪናው መስኮት ቀረበ።

«አባባ፣ ይሄ ብቻውን አልገባም።»

ሽማግሌው ፊት ለፊቱን እያየ «ልጄን ልትወስድብኝ ነው» አለ።

«እርስዎንም ጭምር ነው የምንወስደው።»

«እኔ ዕቃ አይደለሁም።»

«እኔ አልነግራትም። ከእርስዎ አፍ ትስማው። ግን ሁለተኛ እንዳይደግሙት፤ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ከኋላዋ እያለ ቢቆምባት የምትሞተው ልጅዎ ናት።»

«እሺ፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ጆሮ ቀኑን ሙሉ ያቺን «ልጄ» የምትለዋን ቃል በልቡ ይዟት ዋለ።

ማታ ራት ላይ ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠና ልጁን አያት።

«ባልናገር ይሻል ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ዞር ስትዪ ሞተሩ ውስጥ ጨርቅ ሲጎሰጉስ አየሁት። መኪናው እንዳይድን፣ እንድትመላለሺለት ነው።»

ሳቀችበት። ጠዋት ግን መኪናው ዳገቱን እምቢ አለ። ዳር ይዛ ቆመች፤ እሱ ባስተማራት መንገድ ቱቦውን ነቀለች። በቅባት የጠቆረ ጨርቅ ወጣ፤ ጋራዥ ውስጥ እጃቸውን የሚጠርጉበት ዓይነት። ሽማግሌው ከጋራዡ ወለል አንስቶ በኪሱ ይዞት እንደመጣ ከየት ታውቃለች?

ቤት ተመልሳ አባቷን ለምስክር ጭና ጋራዡ ደረሰች። ሠራተኞቹ በሞላ እያዩ ጨርቁን ደረቱ ላይ ወረወረችው።

«በሽተኛው እንዳይድን የሚፈልግ ሐኪም አይቼ አላውቅም። ዛሬ አየሁ።»

ጆሮ ጨርቁን አየው፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሽማግሌ። «አባትሽን ጠይቂ» አላት በቀስታ።

ሽማግሌው ሁለት እጆቹን በመስኮቱ አወጣቸው። እንደዚያ ቀን ተንቀጥቅጠው አያውቁም። «በዚህ እጄ?» አለ።

አንዱ ሠራተኛ «ጆሮ፣ ለካ ሴት የምታጠምደው እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሳቁ አሳበዳት።

«በአባቴ ብታላክክ ምን ይደንቃል? አባት አልባ ያደገ ሰው አባት ማለት ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል?»

ሳቁ ቆመ። ጆሮ እጁን ጠረገ፣ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የጋራዡ ባለቤት ስማችንን አጠፋህ ብሎ በዚያው ቀን አባረረው።

ለብቻዋ በመኪናው ልትሄድ ተሰናዳች። የአባቷን ነገር ጎረቤት ለምትኖር አክስቷ አደራ ብላ፣ በምትሄድበት ቀን ማለዳ ሻንጣዋን በር ላይ አቆመች። ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ስትገባ በመስኮቱ ግቢውን አየች። አባቷ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። አንዱን የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው ጨብጦ፣ ሌላ ጨርቅ ቀስ እያለ ቱቦው ውስጥ ይጠቀጥቃል።

ወጥታ ከኋላው ቆመች። ዞር ብሎ ሲያያት አልደነገጠም።

«እሱስ ምን አድርጎህ ነው?» አለችው።

«ምንም። ደግ ልጅ ነው። ደግ ባይሆን ኖሮማ መች ይሆንልኝ ነበር?»

ጆሮን ከከተማው ዳር፣ የጭነት መኪና የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ አገኘችው። ከመኪናው ሥር ወጥቶ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሰማት። ስታለቅስ ጠበቃት።

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። በጨርቁ እንኳ አልተቀየምኩም፤ ማንም ቢሆን አባቱን ያምናል። ግን የወጋሽኝ እኔው በሰጠሁሽ ነገር ነው። ለማንም ሳልነግር ለአንቺ በነገርኩሽ። ከእንግዲህ አጠገብሽ ሆኜ ምን ብዬ አወራለሁ? እያንዳንዱን ቃል መዝኜ?»

እጇን ዘረጋችለት።

«እጄ ቅባት ነው» አለና ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። ጫማዎቹን እያየች ቆየች። መፍቻው ብረት ሲነካ ይሰማል። አንዴም አላቋረጠም።

ቤት ስትደርስ አባቷ በር ላይ ነበር።

«ይቅር አለሽ?»

«ብሎኛል።»

«ይመጣል?»

«አይመጣም።»

የሽማግሌው ፊት በራ። ሊደብቀው ሞከረ፤ አልቻለም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«እንግዲህ እኛው በእኛው ነን» አለ። «ሻይ ላፍላ?»

ትክ ብላ አየችው። «አፍላ» አለችው።

እያንጎራጎረ ወደ ወጥ ቤት ገባ። እሷ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሻንጣዋን አንስታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ በእግሯ ሄደች።

ሽማግሌው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሲመለስ ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሶ ነበር። ብርጭቆዎቹን አስቀመጠና ስኳር ስንት ላድርግልሽ ብሎ ተጣራ።