ከክንድ በላይ

የአርማዝ ምንጭ የተሰረቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፤ ዓሦቹ ጭቃው ላይ ሲገላበጡ ሰው ሁሉ እያየ ማንም ሊለቅማቸው አልደፈረም። ከተራራው የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከባድ ነገር በከባድ ነገር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ድምፅ።

ዙቃር ነው። ዓይን የሌለው፣ ቆዳው ጥቁር አለት የሆነው፣ ኮሽታን በመሬት ውስጥ የሚሰማው የተራራው ጌታ የምንጩን አፍ በጠፍጣፋ ቋጥኝ ከደነው። ለምን እንደ ደፈረም ሁሉም ያውቃል። በጥንት ዘመን የአርማዝ ሰዎች በመፈንቅልና በበከራ ድንጋይ እየቆለሉ ተራራውን የሚያህል ግንብ ሲሠሩ፣ ዙቃር ከእንቅልፉ ነቅቶ ከተማዋን አፈራርሷት ነበር። የተረፈው ንጉሥ እርቅ ለመነ። እርቁም በመሐላ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ አርማዛዊ ሁሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ እጁን በቤተ መንግሥቱ ደፍ ላይ ጭኖ «ከክንዴ በላይ አላነሳም፤ ባነሳ ድንጋይ ልሁን» ብሎ ይምላል፤ ከገዛ ጉልበቱ የሚበልጠውን በመሣሪያ ማንሳት ክልክል ነው። መሐላው ምሕረት አያውቅም። በየመንገዱ ዳር ጎንበስ እንዳሉ የቀሩ የድንጋይ ሰዎች አሉ፤ ልጆች ይፈሯቸዋል፣ ፍየሎች ይታከኩባቸዋል።

ወንዶቹ ወደ ምንጩ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ቋጥኙን በትከሻና በጀርባ ገፍተው ጥቂት ከፍ አደረጉት። ከዚያ ተመልሶ ወደቀ። ከሥሩ ከቀሩት አንዱ የዘሜራ ባል ነበር።

ዘሜራ ገና ወጣት ናት፤ የሠፈሩን ልጆች ቁጥርና ፊደል ታስተምራለች። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሲሄዱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልጆቹን ስታይ ዋለች። ልጆቹ አንድ ግንድ በድንጋይ ላይ አጋድመው ይጫወታሉ። አጥንቷ የሚቆጠረው ወርዲት ከግንዱ ረጅም ጫፍ ተቀምጣ፣ ወፍራሙን ሐኖስን በአጭሩ ጫፍ ወደ ላይ አንጠልጥላዋለች።

«አውርጂኝ» ይላል ሐኖስ።

«የተንጠለጠለው በሬ ማነው? ተናገር።»

«እኔ ነኝ። አውርጂኝ አልኩሽ።»

ዘሜራ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሸንጎው ሄደች።

ሊቀ መሐላው ጎዳን፣ ነገሥታትን ያስማለ ሽማግሌ፣ ከወንበሩ ቀና ብሎ ተቀበላት። «ልጄ ዘሜራ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አላት።

«ስለ ሐዘኔ አልመጣሁም፣ አባቴ። ልጆች አልማሉም። ያልማለን ክንድ መሐላ አይዘውም። ቋጥኙን እነሱ ያንሱት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። «የእኔ ልጅ እንስራ እንኳ አታነሳም።»

«ካስተማርኳት ታነሳለች።»

«ዙቃር መሐላችንን አወቀና በመሐላችን ላይ ተቀመጠ» አለ ጎዳን። «ግን ማስተማርሽ ማንሳት እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?»

ዘሜራ ፊቷን አዙራ እጆቿን ወደ ኋላ ሰጠችው። ሽማግሌው በነጭ ክር አሰራቸው። «ይህን ክር ማንም ይበጥሰዋል» አላት። «መሐላውን ግን እኔም አልፈታልሽም።»

እናቶች ልጆቻቸውን እየሳሙ አስረከቧት። አንዷም «መልሺልኝ» አላለችም፤ ዘሜራን የከበዳት እሱ ነው።

መንገዱ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል። ልጆቹ ረጅም የጽድ ግንድ ይጎትታሉ፤ ዘሜራ በአገጯ እያመለከተች ታስተምራለች። ግንዱ ሲከብዳቸው ድብልብል እንጨት ከሥሩ እንዲያስገቡ አደረገች፤ ግንዱ መንከባለል ጀመረ። ዳገቱ ቀጥ ሲልባቸው በጎን ዞረው ቀስ እያለ በሚወጣው መንገድ መራቻቸው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ይረዝማል» አለ ሐኖስ።

«ይረዝማል። ግን ይቀላል። ያቀለልነውን በርቀት እንከፍላለን። በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም።»

«ለእግሬ ማን ይክፈለው?»

ወርዲት ከፊት ዞር አለች። «እትዬ፣ አፍንጫዎን ቢያሳክክዎትስ?»

«አንቺ ታኪልኛለሽ።»

«ሐኖስ ይከክልዎት። የእሱ እጅ ሥራ ፈቷል።»

ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። በመንገዱ ዳር የድንጋይ ሰዎቹ በዙ። ዘሜራ አንዱ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። የቆመበት አፈር በክብደቱ ሰምጦ እስከ ጉልበቱ ውጦታል። ለልጆቹ ምንም ሳትነግራቸው አለፈች።

ምንጩ ጋ ደረሱ። ቋጥኙ ሰፊና ጥቁር ነው፤ አጠገቡ ሣር እንኳ የለም። የወንዶቹ ጫማዎች በዙሪያው ተበታትነዋል። ዘሜራ አንዱን ጫማ አየችና ዓይኗን አነሳች።

ልጆቹ የግንዱን ጫፍ ከቋጥኙ ሥር ከተቱ፤ መደገፊያ ድንጋይ አስቀመጡ፤ ሁሉም በሌላው ጫፍ ተንጠለጠሉ። ቋጥኙ ጮኸ። የፀጉር ያህል ተነሳ፤ ከሥሩም ቀዝቃዛ የውሃ ትንፋሽ ወጣ።

ያኔ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከሸለቆው ማዶ አንድ እርምጃ ተሰማ። ቆይቶ ሌላ።

«ሰምቶናል» አለ ሐኖስ።

ወርዲት ከግንዱ ወርዳ መደገፊያውን ወደ ቋጥኙ አስጠጋችው። ማንም አላዘዛትም። እንደገና ተንጠለጠሉ፤ ቋጥኙ ትንሽ ከፍ አለ፤ ቋጥኙን ደግፎ የሚያቆየውን ባለ ቀጭን ጫፍ እንጨት፣ ሽብልቁን፣ ለማስገባት ግን አልበቃም። ልጆች ናቸው፤ ክብደታቸው አለቀ። እርምጃው ቀረበ። ከኮረብታው ጀርባ የዙቃር ትከሻ እንደ ሌላ ኮረብታ ብቅ አለ።

ዘሜራ እጆቿን ለያየች። ክሩ ድምፅ ሳያሰማ ተበጠሰ።

«እትዬ፣ አይንኩት» አለ ሐኖስ።

«ወርዲት፣ የት ልቀመጥ?»

ልጅቷ ወደ ግንዱ ጫፍ አየች።

«ጠይቄሻለሁ።»

«ጫፉ ላይ።»

«ለምን?»

«ከመደገፊያው የራቀ...»

«ጨርሺው።»

«ከመደገፊያው የራቀ ትንሽ ክብደት፣ የቀረበውን ትልቅ ክብደት ያነሳል።»

«ጎበዝ። ሐኖስ፣ አንተና ሌሎቹ ወደ ሽብልቁ። ቋጥኙ ሲነሳ እኔን አትዩ።»

ወጥታ ተቀመጠች፤ ግንዱን በሁለት እጇ ያዘች። ቅዝቃዜው ከጣቶቿ ጀመረ፤ አላመማትም። ክንዷ ጠቆረ፣ ጉልበቷ ደረቀ፣ ክብደቷም ጨመረ። ዙቃር ያላሰበው ይህን ነው፤ ድንጋይ የሆነ ሰው ከሰው ይከብዳል። ግንዱ ቀስ እያለ ወረደ። ቋጥኙ ተነሳ፤ ውሃው እንደ ታሰረ በሬ እያገሳ ወጣ። ከቋጥኙ ሥር የቀሩትን ወንዶች አስከሬን ይዞ ሲያልፍ ዘሜራ ፊቷን አዞረች። አንገቷ ለመጨረሻ ጊዜ የታዘዘላት ያኔ ነው።

ዙቃር ቆመ። መሬቱ በውሃ ድምፅ ተሞልቶ ሌላ ምንም አይሰማውም። ራሱን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ ልጆቹ ከፊቱ ሆነው አላገኛቸውም። አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ሄደ፤ ሁለተኛውን የሚያሳርፍበት መሬት አልነበረም። ሲወድቅ ተራራው ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

የዘሜራ ዓይኖች ደርቀዋል። ጆሮዋ ግን ገና ይሰማል።

«በወፍራሙ በኩል አይገባም» ትላለች ወርዲት እያለቀሰች። «ግንዱ ሳይሰበር ቶሎ በል። በቀጭኑ አልኩህ።»

«አትጩሂብኝ። አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን ገለበጥከው?»

ዘሜራ ልጅቷ ትክክል መሆኗን ልትነግራቸው ፈለገች፤ ምላሷ አልታዘዘም።

ሐኖስ ሽብልቁን አዙሮ መታው። ገባ።