ያልተፈረፈረው ትምባሆ

ግብር ሰብሳቢው ሲላስ ኩት በመበለቷ በዶርካስ ዌል የትምባሆ ማድረቂያ ቤት ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተፈልጦ፣ እስከ አንገቱ ቅጠል ተከምሮበት ተገኘ። ቨርጂኒያ ውስጥ ግብር ሰብሳቢ ሲሞት አልቃሽ አይገኝለትም፤ ገዳይ ግን ወዲያው ይገኝለታል። የአገረ ገዥው የእህት ልጅ ሻምበል ላትሮፕ ገበሬውን ኢራ ፔንደርን በሰንሰለት እየጎተተ መጣ። እኩለ ቀን ላይ ሊሰቅለው ቆርጧል።

የወረዳው አስከሬን መርማሪ፣ ሽማግሌው ጃቤዝ ሆልት፣ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ከክምሩ አንድ ቅጠል አንስቶ ጨመቀው፤ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ።

«ሻምበል፣ ኢራን መቼ ያዝከው?»

«ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ፣ አገረ ገዥውን ሲሳደብ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣም።»

«ታዲያ መቼ ገደለ?»

«ትናንት ከሰዓት። በዚህ በር ሳልፍ ቅጠል ሲከምር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ከሥሩ ሬሳ መኖሩን ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

«ቀጣፊ!» ብሎ ጮኸ ኢራ።

ሆልት ወደ መበለቷ ዞረ። «እትዬ ዶርካስ፣ እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ጎረቤቴ ምጥ ይዟት ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ ሴቶቹን ጠይቅ። ሲላስ ባለፈው ይቅርታ ሊለምነኝ መጥቶ ነበር። ለባሩድ ተብሎ የተወሰደብን ግብር አንዲት ቀንድ ባሩድ አልገዛም። ሁለቱ ልጆቼ ድንበር ላይ በባዶ እጃቸው ያለቁት ለዚህ ነው። የበላውን ሰው እሑድ በጉባኤ ፊት በስሙ እጠራዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ሆልት ውጭ የቆሙትን አርባ ገበሬዎች ሁሉ አስገባ።

«የሰነበተው አየር እንዴት ነበር?»

«ፀሐይ ብቻ! ዝናቡ የመጣው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው።»

«የደረቀ ትምባሆ በፀሐይ ቀን ብትነኩት?»

አንዱ ሳቀ። «ዱቄት ነዋ! ይሄም ይጠየቃል?»

«እዚህ ግን አንድም ቅጠል አልተፈረፈረም። ስለዚህ ቅጠሉ ለማድረቅ ከተሰቀለበት የወረደው ከዝናቡ በኋላ፣ እርጥበት ሲያለሰልሰው ነው። ያኔ ኢራ በሰንሰለት ነበር። ትናንት ሲከምር አየሁ የሚለን ሰው ደግሞ ትምባሆ ያጨሳል እንጂ አንዲት ችግኝ ተክሎ አያውቅም። የዋሸው እሱ ስለገደለ ነው፤ የባሩዱ ግብር ገቢ የሚሆነው በእሱ እጅ ነበርና፣ የገደለው እሑድ የሚጠራው ስም የራሱ ስለሆነ ነው።»

ላትሮፕ ፊቱ ነጣ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። «እሺ፣ ማን ይፈርድብኛል? ዳኛውም እስር ቤቱም የአጎቴ!»

«ለአገረ ገዥው እጽፋለሁ» አለ ሆልት፤ ድምፁ ራሱንም አላሳመነውም።

«ስንት አቤቱታ ጻፍን?» አለች ዶርካስ። ሰንሰለቱን ከኢራ አስፈትታ በሻምበሉ ላይ አስቆለፈች። «ልጆቼን የበላ ሰው ለአጎቱ አይመለስም። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ አጎቱን!»

አርባው ገበሬ ወደ በሩ ተመመ። ሆልት ሕግ ሊያስከብር የማለ ሰው ነውና በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ ሆልት፣ ዞር በልልኝ» አለችው።

ዞር አለላት።